የዶኖስቲያው ባሉጥ

ዓርብ ማታ ነበር፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 16 ቀን 2019፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው። የስፔን አንደኛ ክፍል ሊግ የዓመቱ የመክፈቻ ጨዋታ በቢልባኦ ከተማ በሳን ማሜስ ስታዲዮም ሲካሄድ፥ በማግስቱ ደግሞ «ታላቁ ሳምንት» የሚሉት የከተማው ዓመታዊ በዓል ሊገባ ስለ ነበር፥ ሕዝቡ ቀይና ነጭ ለብሶ፥ የበዓሉን ዋዜማ በኳስ ሜዳ ለማሳለፍ ተሰብስቦ ነበር። እንግዳው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ባርሴሎና ነው፤ አሰልጣኙም ቀድሞ የቢልባኦዎቹ አሰልጣኝ የነበረው ኤርኔስቶ ቫልቬርዴ። ሊዮኔል ሜሲ በሕመም ምክንያት አልመጣም። ሰዓቱ እየገፋ ሄዶ 88ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ውጤቱ ገና ባዶ ለባዶ ነበርና፥ ከአትሌቲክ ቢልባኦ የተጠባባቂ ወንበር አንድ የ38 ዓመት ሰው የትጥቅ ጃኬቱን አውልቆ ተነሣ። ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ይህ የውድድር ዘመን የመጨረሻዬ ነው ብሎ ማስታወቁን ሁሉም ስለሚያውቅ፥ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ዳኛው እስኪፈቅድለት ሲጠብቅ ስታዲዮሙ ገና ምንም ሳይሠራ በጭብጨባ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከመጻፊያው ጊዜ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። አንደር ካፓ በቀኝ መስመር ኳሱን ይዞ ቀና አለና ወደ መሐል አሻማው፤ ኳሱ ግን ለሰውየው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው በኩል መጣበት። በቴስታ እንዳይገጨው አይደርስበትም፤ አብርዶ እንዳይመታው ተከላካዮቹ ይደርሱበታል። ስለዚህ ጀርባውን ለጎሉ ሰጠና፥ ግራ እግሩን አስቀድሞ ወደ ላይ ወርውሮ፥ መላ አካሉን ከመሬት ነጥሎ፥ በአየር ላይ ተንጋሎ በቀኝ እግሩ የመቀስ ምት መታው። በረኛው ቴር ስቴገን ተወርውሮ ነበር፤ አልደረሰበትም። ጀርባው መሬት ከመንካቱና ጩኸቱ ከመነሣቱ የትኛው እንደ ቀደመ፥ ምስሉን ደጋግሜ ባየውም ለመለየት አልቻልሁም። አንድ ለባዶ።

ይህ ሰው አሪትዝ አዱሪዝ ይባላል። «አሪትዝ» በባስክ ቋንቋ ባሉጥ ማለት ነው፤ በቅዱስ መጽሐፍ የተጠቀሰው፥ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድና ዕድሜው መቶ ዓመታትን የሚቆጥር ዛፍ። ለባስኮች ደግሞ ይህ ዛፍ ከዛፍነት ያለፈ ነገር ነው፤ በጌርኒካ ከተማ በሚገኘው ባሉጥ ሥር የቢስካይ አገር ሽማግሌዎች ሸንጎ ይቀመጡ፥ ገዢዎቻቸውም የሕዝቡን ጥንታዊ ሕግ እንጠብቃለን ብለው እዚያው ይምሉ ነበር። በ1937 ኤፕሪል 26 ቀን ጌርኒካ ከሰማይ በቦምብ ስትነድ ዛፉ ከእሳቱ ተረፈ። ቦምቡን ከጣሉት የጀርመን አውሮፕላኖች ጋር የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖችም ነበሩ፤ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሰማዕታት ደም ከፈሰሰ ያን ጊዜ ገና ሁለት ወር ያህል ስለ ነበር፥ የዚያችን የሩቅ አገር ከተማ ስም ስሰማ እንደ እንግዳ ከተማ ስም አድርጌ ልሰማው አልችልም።

ስለ ሕዝቡም ጥቂት ካልተነገረ የሰውየው ነገር አይገባም። የባስክ አገር በስፔንና በፈረንሳይ ወሰን ላይ፥ በፒሬኔ ተራሮችና በቢስካይ ባሕር መካከል ያለ፥ ሰባት አውራጃ ያለው አገር ነው፤ ቋንቋቸው ከአውሮፓ ልሳናት ከአንዱም ጋር የማይዛመድ፥ ሊቃውንት ዘመዱን ፈልገው ያላገኙለት ብቸኛ ልሳን ነው። ከሁሉ ይልቅ ለእኔ የሚያስደንቀኝ ግን የጨዋታቸው ነገር ነው። ሌላው ሕዝብ ከሥራ ለማረፍ ሲጫወት፥ ባስኮች ሥራውን ራሱን ጨዋታ አድርገውታል። ከማሳው ድንጋይ ማንሣት ሥራ ነበር፤ ዛሬ ከባድ፥ አንዳንዴም ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድንጋይ ከመሬት አንሥቶ ትከሻ ላይ ማሳረፍ በሕዝብ ፊት የሚደረግ ውድድር ነው። ግንድ መፍለጥ ሥራ ነበር፤ ግንድ ላይ ቆመው ከእግራቸው ሥር በመጥረቢያ የሚፈልጡ ሰዎች ዛሬ እንደ ጀግና ይታያሉ። ዓሣ ለማጥመድ በባሕር ላይ ይቀዘፍ የነበረው ጀልባም ዛሬ የሽቅድምድም ጀልባ ሆኗል። እንደዚህ ባለ አገር ለተወለደ ልጅ ጻማና ጨዋታ ሁለት ነገር አይደሉም።

አዱሪዝ በ1981 ፌብሩዋሪ 11 ቀን በሳን ሴባስቲያን ተወለደ፤ ባስኮች ከተማዋን ዶኖስቲያ ይሏታል። ወላጆቹ ተራራ ወዳጆች ስለ ነበሩ ልጁ በበረዶ ላይ ረጅም መንገድ በሚንሸራተቱት ዘንድ አደገ፤ ይህም ስፖርት፥ ማንም ሳያይ በብርድና በድካም ውስጥ ሰዓት ቆጥሮ መጓዝን የሚያስተምር፥ ጭብጨባ የሌለበት ስፖርት ነው። ኳስን በተመለከተ ግን የከተማዋ ልጆች የራሳቸው ትምህርት ቤት አላቸው፤ እርሱም ላ ኮንቻ የሚባለው እንደ ጨረቃ የጎበጠ የባሕር ዳርቻ ነው። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አሸዋው ይሰፋል፤ ሜዳ ይሰመርበታል፤ የልጆች ቡድኖች ይሰለፋሉ። ማዕበሉ ሲመለስ ደግሞ ማንም ቢሆን ሜዳውን ይለቃል። የጨዋታውን ሰዓት የሚወስነው ሰው ሳይሆን ጨረቃ ናት ማለት ይቻላል። በረጠበ አሸዋ ላይ ኳስ አይነጥርም፤ እግር ይሰምጣል፤ ስለዚህ ልጁ ወይ ኳሱን በአየር ላይ መጫወት ይማራል፥ ወይም ከሌላው ሁለት እጥፍ ይሮጣል። አዱሪዝ ሁለቱንም የተማረ ይመስለኛል። አንቲጉኦኮ በሚባለው የሠፈር ክለብ አብረውት ካደጉት ልጆች መካከል ሚኬል አርቴታ፥ ዣቢ አሎንሶና አንዶኒ ኢራኦላ ይገኛሉ፤ የዛሬ አንባቢ እነዚህን ሦስቱን በአሰልጣኝነት ወንበር ላይ ያውቃቸዋል። ከአንድ ሠፈር አሸዋ ይህን ያህል ሰው መውጣቱ አስገራሚ ነው።

አትሌቲክ ቢልባኦ በ1898 የተመሠረተ ክለብ ነው፤ እግር ኳስንም ወደ ቢልባኦ ያመጡት የብረት ማዕድኑንና የመርከብ ሥራውን ተከትለው የመጡ የእንግሊዝ መርከበኞችና መሐንዲሶች፥ እንዲሁም እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ የከተማዋ ልጆች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የጸናው ቀኖናው ግን በዓለም ብቸኛ ያደርገዋል፤ በባስክ አገር ያልተወለደ፥ በባስክ አገርም ኳስ ያልተማረ ተጫዋች አይሰለፍለትም። ዓለሙ ሁሉ ከአራቱም ማዕዘን ተጫዋች በገንዘብ ሲሸምት፥ ይህ ክለብ ከገዛ ጓሮው ብቻ እየለቀመ ኖሮ፥ እንደ ሪያል ማድሪድና እንደ ባርሴሎና ከአንደኛ ክፍል አንድ ቀን እንኳ ሳይወርድ እስከ ዛሬ አለ። ስታዲዮሙን «ካቴድራል» ይሉታል፤ ስሙም የቅዱስ ማሜስ ነው፤ ለአንበሶች የተጣለ፥ አንበሶቹም ያልነኩት ሰማዕት። ተጫዋቾቹ «አንበሶች» መባላቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ሜዳ የሚመጣ እንግዳ ቡድን፥ በ1922 በወጣትነቱ ለሞተው ለአጥቂው ለፒቺቺ ሐውልት አበባ ያስቀምጣል። ይህን ሥርዓት የሚያክል የአክብሮት ሥርዓት በሌላ የኳስ ሜዳ አላየሁም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ክለብ ውስጥ፥ ከጥቂት ሰዎች መካከል የሚመረጥበት ቤት ውስጥ፥ አዱሪዝ ሳይመረጥ ቀረ። በ2002 ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ፤ ጥቂት ጨዋታ እንደ ተጫወተ በ2003 አሰናበቱት። ዕድሜው 22 ነው። በዚህ ዕድሜ ከእንዲህ ያለ ክለብ የተሰናበተ አጥቂ ብዙ ጊዜ ስሙ ሁለተኛ አይሰማም። እርሱ ግን ከባስክ አገር ወጥቶ በሦስተኛው እርከን ወደሚጫወተው ወደ ቡርጎስ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ቫያዶሊድ፥ ወደ ሁለተኛው ክፍል፤ በዚያም ጎል እያገባ ቆየ። በ2005 መገባደጃ አትሌቲክ ራሱ የጣለውን ሰው መልሶ ጠራው፤ ክለቡ ከወራጅ ቀጠና ጋር ሲታገል በነበረባቸው፥ በ2007 እስከ መጨረሻዋ ጨዋታ ድረስ ነፍሱ በተንጠለጠለችባቸው ዓመታት አብሮ ታገለ። በ2008 ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሸኙት፤ አሁን የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ለማዮርካ ሸጡት። ሁለት ዓመት በማዮርካ፥ ሁለት ዓመት በቫሌንሲያ። በቫሌንሲያ አሰልጣኙ ኡናይ ኤመሪ ነበር፥ እርሱም የባስክ ሰው። ዳቪድ ቪያ ወደ ባርሴሎና ከሄደ በኋላ የጎደለውን ለመሙላት ከተጠሩት አንዱ አዱሪዝ ነው፤ በዚያ ቡድን ግን ወንበር ላይ መቀመጥንም ተማረ፤ የፊቱ ቦታ ብዙውን ጊዜ የሮቤርቶ ሶልዳዶ ነበርና።

በ2012 ክረምት አትሌቲክ ሦስተኛ ጊዜ ጠራው። የተከፈለው ዋጋ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ነው፤ በዚያ ዘመን ገበያ ይህ ዕድሜው 31 ለደረሰ፥ የቡድን መሸጋገሪያ ይሆናል ተብሎ ለሚታሰብ ሰው የሚከፈል ዋጋ ነው። አጥቂ ማለት ፍጥነቱ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ፍጥነት ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሰው ይሸሻል። ነገር ግን አዱሪዝ ለአትሌቲክ ካስቆጠራቸው 172 ጎሎች አብዛኞቹን ያገባው ከዚህ ዕድሜ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ ቁጥሩን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ስለሚያሳድደኝ ነው።

መልሱ በከፊል ከቴስታው ላይ ይገኛል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 ነው፤ በአውሮፓ የመሐል ተከላካዮች አጠገብ ሲቆም ረጅም የሚባል አይደለም፤ ሆኖም በአየር ላይ ከእርሱ የሚበልጥ በዚያ ዘመን በስፔን ጥቂት ነበር። ተመልክታችሁት እንደ ሆነ፥ ኳሱ ከመስመር ገና ሳይነሣ እርሱ ከተከላካዩ ጀርባ ሁለት እርምጃ ያፈገፍጋል፤ ተከላካዩ ኳሱን ለማየት ዞር ሲል ሰውየው ከዓይኑ ይጠፋበታል። ከዚያ በተከላካዩና በኳሱ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ይገባና፥ ከሁሉም ቀድሞ ይዘላል። ነገሩ ያለው በዚህ «ቀድሞ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከሌላው በፊት የዘለለ ሰው፥ ሌላው ሲዘል አስቀድሞ ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ክንዱን ዘርግቶ ቦታውን ያጸናል፤ አንገቱን እንደ ቀስት ወደ ኋላ ወጥሮ ይቆያል፤ ለተመልካችም በአየር ላይ የቆመ ይመስላል። ኳሱ ሲደርስ ግንባሩን እንጂ አናቱን አይሰጠውም፤ ወደ ላይም ሳይሆን ወደ መሬት ይገጨዋል፤ ነጥሮ የሚመጣ ኳስ ለበረኛ የባሰ ነውና። ይህ ፍጥነት አይደለም። ይህ ሰዓት ማወቅ ነው፤ ሰዓት ማወቅም በዕድሜ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ሀብት አይደለም። ማዕበል በሚመላለስበት አሸዋ ላይ የተማረ ልጅ ሰዓት ቢያውቅ ምን ይደንቃል?

የቀረው ድካም ነው። የአዱሪዝን ጨዋታ ያለ ኳስ ላየው ሰው፥ ተከላካዮቹን ሲያሳድድ፥ ከመሐል ሜዳ ድረስ ወርዶ ኳስ ሲነጥቅ፥ ወድቆ ሲነሣ፥ ተነሥቶ ሲወድቅ የሚውል ገበሬ ይመስለዋል።

ክለቡ ከ1984 ወዲህ ዋንጫ አልበላም ነበር። በ2015 ሜይ በንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ በባርሴሎና ሦስት ለአንድ ተሸንፈው አለቀሱ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 14 ቀን በስፔን ሱፐር ካፕ ያው ባርሴሎና ወደ ሳን ማሜስ መጣ። ያ ባርሴሎና የሊጉን፥ የንጉሡን ዋንጫና የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በአንድ ዓመት የጠቀለለ ቡድን ነው። ሚኬል ሳን ሆሴ ከመሐል ሜዳ አካባቢ በረኛው ወጥቶ እንደ ነበር አይቶ የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ሕዝቡ ዓይኑን አላመነም፤ ከእረፍት በኋላ አዱሪዝ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት አከለበት። አራት ለባዶ። በመልሱ ጨዋታ በባርሴሎና ሜዳ አንድ ለአንድ ሲለያዩ የአትሌቲክን ጎል ያገባ አሁንም እርሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ ለቢልባኦ ሰው ብሥራት ሆነ፤ ከአምስቱ ጎሎች አራቱን ያገባውም ሁለት ጊዜ የተሰናበተው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የውድድር ዘመን ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ በሁሉም ውድድር 36 ጎል፤ በሊጉ 20። በፌብሩዋሪ 2016 በማርሴይ ከተማ፥ ከርቀት ኳሱን በደረቱ አብርዶ መሬት ሳያስነካ የመታት ጎል ግን ከቁጥር ውጭ ናት፤ ይህን በ35 ዓመት ማድረግ ለእኔ ከምስጢር ይቈጠራል። በኖቬምበር 3 ቀን 2016 ደግሞ በአውሮፓ ሊግ በቤልጅጉ ጌንክ ላይ በአንድ ማታ አምስት አገባ፤ ውጤቱ አምስት ለሦስት ነው፤ ስለዚህ የቡድኑን ጎል ሁሉ እርሱ ብቻውን አስቆጠረ ማለት ነው።

ለስፔን ብሔራዊ ቡድን በ2010 አንድ ጊዜ ተሰልፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአምስት ዓመት በላይ ማንም አላስታወሰውም። በ2016 ማርች ወር ተጠርቶ በኡዲኔ ከተማ በጣልያን ላይ አገባ፤ ለዚያ ዓመት የአውሮፓ ዋንጫም ተመረጠ። በኖቬምበር 12 ቀን በግራናዳ በመቄዶንያ ላይ ሲያገባ ዕድሜው 35 ዓመት ከ275 ቀን ነበርና፥ ለስፔን ጎል ካገቡት ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ሆነ። ሰው ይህን ክብር እንደ ብርቅ ነገር ይናገረዋል፤ እኔ ግን የማስበው በቡርጎስ በሦስተኛው እርከን ሲጫወት ይህን ሊነግረው የሚደፍር ሰው እንዳልነበረ ነው።

ከኋላው የመጡት ልጆች ይህን ሁሉ ከአጠገቡ ሆነው አይተዋል። ከእነርሱ አንዱ ኢኛኪ ዊልያምስ ነው፤ ወላጆቹ ከጋና ተነሥተው የሰሐራን በረሃ በእግር ጭምር አቋርጠው የመጡ፥ እርሱ በቢልባኦ የተወለደ። ይህ ልጅ ከ2016 እስከ 2023 ድረስ በተከታታይ 251 የሊግ ጨዋታዎች አንድም ሳያስቀር ተሰልፏል። አንድ ሰው ሰባት ዓመት ያህል ጉንፋን፥ ጉዳት፥ ቅጣት ሳያስቀረው በየሳምንቱ ሥራው ላይ መገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ፥ በረሃ አቋርጦ የመጣ ዘመድ ያለው የእኛ አገር አንባቢ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ሥጋ ግን የራሱ ሒሳብ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመሬት እየተነሣ መሬት ላይ የወደቀው ዳሌ ተበላ። ያቺ የኦገስት 16ቷ የመቀስ ምት በሊጉ ያገባት የመጨረሻዪቱ ጎል ሆነች፤ ከእርሷ በኋላ ሕመሙ እየጠና ሄዶ በሜዳ ላይ የሚታይበት ጊዜ እያነሰ መጣ። ሆኖም አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር። አትሌቲክ ለንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ ተጋጣሚውም ሪያል ሶሲዳድ፥ ማለት የአዱሪዝ የትውልድ ከተማ የሳን ሴባስቲያን ቡድን ነው። ሁለት የባስክ ክለቦች እንዲህ ባለ ፍጻሜ ሊገናኙ ነውና አገሩ ሁሉ በጉጉት ቆሞ ሳለ ወረርሽኙ መጣ፤ በኤፕሪል 2020 ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ያለ ሕዝብ እንዳይሆን ብለው ሁለቱ ክለቦች አስተላለፉት።

ሜይ 20 ቀን 2020 አዱሪዝ አጭር ደብዳቤ አወጣ። ብዙ ጊዜ እንደሚናገረው፥ ሰው ኳስን ከመተዉ በፊት ኳስ ሰውን እንደሚተወው አስታወሰ፤ በዋዜማው ሐኪሞቹ በተቻለ ፍጥነት ቀዶ ጥገና አድርጎ ሰው ሠራሽ ዳሌ እንዲያስገባ፥ ይህም ለኳስ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰው ለመራመድ እንዲሆነው እንደ መከሩት ገለጸ፤ ሰውነቴ በቃኝ ብሏል፥ ጓደኞቼንም እንደሚገባ ልረዳ አልችልም አለ። የታለመው ስንብት በዚህ መንገድ ቀረ። ሜዳው ዝግ ነበርና የሚያጨበጭብለት ሕዝብ አልነበረም።

ፍጻሜው ጨዋታ በኤፕሪል 3 ቀን 2021 በሴቪያ ከተማ፥ ባዶ ወንበሮች በከበቡት ሜዳ ተካሄደ፤ ሕዝብ እስኪገባ ሲጠበቅ ከዓመት በኋላም ሕዝብ አልገባበትም። ሚኬል ኦያርዛባል በፍጹም ቅጣት ምት ባገባው አንድ ጎል ሪያል ሶሲዳድ አሸነፈ፤ ዋንጫውም ወደ ላ ኮንቻ ዳርቻ፥ ማዕበሉ ሲሸሽ ልጆች ሜዳ ወደሚያሰምሩበት ከተማ ሄደ።